ስለ ገላ ቅባት፤ ሳይከብድና ልብስ ሳያበላሽ በቤት እንዴት እንደሚሰናዳ

በአገራችን ቅቤ ለወጥና ለገንፎ ብቻ ሳይሆን ለገላና ለጠጉርም ክብር መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም። ሙሽራ ስትሞሸር፣ አራስ በምትታረስበት ጊዜ፣ መንገደኛም ከሩቅ አገር ገብቶ እግሩን ሲታጠብ፣ ለጋ ቅቤ ይቀርብ ነበር። ራሱን ቅቤ የተቀባ ሰው አሳቢ ዘመድ ያለውና ቤቱ የሞላለት መሆኑ በሩቁ ይታወቅ ነበር። ይሁን እንጂ ይኸው የክብር ምልክት የነበረው ነገር ዛሬ በብዙ ቤት የክርክር ምክንያት ሆኖ እናገኘዋለን። ሽማግሌዎቹ «ቅባት ያልነካው ገላ እንደ ደረቀ ቁርበት ነው» ሲሉ፣ ልጆቹ ደግሞ «ቅባት የነካው ልብስ ከሰው ፊት አያቀርብም» ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው።

እኛም ይህን ክርክር በሥራችንም በቤታችንም አይተነዋል። ሥራችን በፍርድ ቤት መዝገብ መጻፍና ማሰናዳት ነው። ከጧት እስከ ማታ ወረቀትና አቧራ የሚነካ እጅ ይደርቃል፤ በተለይም ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ፣ የደጋው ነፋስ ደረቅ በሚሆንበት ወራት፣ የጣቶቻችን ጫፍ እስኪደማ ይሰነጠቃል። አንድ ጧት ከቤት ልንወጣ ስንል አማታችን አይተው «ልጄ፣ ይህ እጅ እንዴት ብዕር ይይዛል?» አሉና በገዛ እጃቸው ለጋ ቅቤ አሹልን። እኛም አክብረን ተቀብለን ሄድን። ከሥራ ቦታችን ደርሰን ለፊርማ የተሰናዳውን ፍርድ አንሥተን ለዳኛው ባቀረብን ጊዜ፣ አምስቱ ጣታችን በወረቀቱ ላይ ታትሞ፣ የነካነውም ስፍራ ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኖ ተገኘ። ዳኛው ሳይቈጡ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንሥተው በብርሃን ተመለከቱትና «ማኅተም የሚያደርገው መዝገብ ቤት መስሎን ነበር» አሉን። ገጹ እንደ ገና ተጽፎ ተፈረመ፤ እኛ ግን ዕለቱን ሙሉ እጃችንን ከሰው ፊት ስንሸሽግ ዋልን።

በዚያው ሰሞን በቤታችን ሌላ ነገር ተነሣ። ትምህርት ቤት የምትሄደው ልጃችን፣ አያቷ ሊቀቧት ሲቀርቡ «እማማ፣ ይሸተኛል፤ ልብሴንም ያበላሽብኛል» ብላ ሸሸቻቸው። አማታችን አንድ ቃል አልመለሱም፤ ቅቤውን ከድነው ወደ ጓዳ አገቡት፤ ከዚያም በኋላ አንድ ሳምንት ያህል ለማንም ቅባት አላቀረቡም። የልጂቱ ክርንና ጕልበት ደርቆ አመድ መሰለ፤ አያቲቱም ያን እያዩ ዝም አሉ። በቤት ውስጥ የሚያስጨንቀው ቍጣ ሳይሆን እንዲህ ያለው ዝምታ ነው። አያት የልጅ ልጇን የምትቀባው ገላዋ እንዲለሰልስ ብቻ አይደለም፤ እየቀባች ትመርቃታለች። ስለዚህ ቅባቱ ሲጠላ ምርቃቱም አብሮ የተጠላ ይመስላል።

ይህን ባየን ጊዜ፣ ገላን የሚያለሰልስ፣ ነገር ግን ልብስና ወረቀት የማያበላሽ ቅባት በቤት ማሰናዳት ይቻል እንደ ሆነ ለማወቅ ጠየቅን፤ አነበብን፤ በገዛ ምድጃችንም ፈተንን። የደረስንበትንም ለአንባቢዎቻችን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ገላ ስለምን ይደርቃል?

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ነገር፣ የደረቀ ገላ የሚጠማው ውሃ እንጂ ቅባት አለመሆኑ ነው። የቆዳችን የላይኛው ሽፋን እጅግ ቀጭን ሲሆን፣ ልስላሴውን የሚያገኘው በውስጡ ከያዘው ውሃ ነው። አየሩ በደረቀ ጊዜ፣ ሰውም በሙቅ ውሃና በሳሙና አብዝቶ የታጠበ እንደ ሆነ፣ ውሃውን ይዞ የሚያቆየው የተፈጥሮ ወዝ ይቀንስና ውሃው ተንኖ ይሄዳል። እንግዲህ ቅባት የምንቀባው፣ ውሃው እንዳይወጣ ክዳን እንዲሆን ነው። ለአንድ ድስት አንድ ክዳን ይበቃዋል፤ በክዳን ላይ ክዳን ቢደራረብ ወጡን አያጣፍጠውም። ማርም ሲበዛ ይመራል እንደሚባለው፣ ከልክ ያለፈው ቅባት ገላን ከማራስ አልፎ ወደ ልብሱና ወደ ወረቀቱ ይሄዳል።

ከዚህ የተነሣ ቅባት የሚከብድበትና የሚያሙለጨልጭበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛው ብዛቱ ነው። ሁለተኛው በደረቅ ገላ ላይ መቀባቱ ነው፤ በደረቅ ገላ ላይ ቅባት እንደ ልብ አይሰራጭም፤ ስለማይሰራጭም ሰው እየጨመረ ይቀባል። ሦስተኛው የስቡ ዓይነት ነው። ሁሉም ስብ በአንድ ዓይነት ሙቀት አይቀልጥም፤ በቆዳ ላይ ሲደርስ የሚሰጠው ስሜትም የተለያየ ነው።

ስለ ስብ ዓይነቶች

የላም ቅቤ ስብ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ ስለዚህ በሰው ገላ ላይ ወዲያው ይፈታል። ነገር ግን ቅቤ ስብ ብቻ አይደለም። በፋብሪካ የሚሠራው ቅቤ እንኳ ከመቶ 80 እጅ ያህሉ ስብ ሲሆን፣ ከቀረው አብዛኛው ውሃ ነው፤ ከወተቱም የቀረ ነገር አለበት። ውሃውና የወተቱ ቅሪት ስቡ ቶሎ እንዲበላሽ ያደርጋሉ፤ ስቡም ሲፈርስ ያ የታወቀው የከረመ ቅቤ ሽታ ይወጣል። ልጃችን የሸሸችው ይህን ነው።

ሺአ የሚባለው የዛፍ ቅቤ በ35 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ዛፉ ከሴኔጋል ጀምሮ እስከ ኡጋንዳና እስከ አገራችን ምዕራብ፣ እስከ ጋምቤላ ድረስ ይበቅላል። የምሥራቁ ዓይነት ከምዕራቡ ይልቅ ለስላሳ ነው። ሙንጎ ፓርክ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1795 እስከ 1797 ዓ.ም. በምዕራብ አፍሪቃ ባደረገው ጉዞ ይህን የዛፍ ቅቤ አይቶ ጽፎለታል። የዚያ አገር ሴቶች የፍሬውን አስኳል ወቅጠው፣ ቈልተውና ፈጭተው ከውሃ ጋር በእጃቸው ይመቱታል፤ ስቡም ነጥቶ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ይህን የሚሰማ የአገራችን ባለሙያ የወተት መናጥን ሥራ ማስታወሱ አይቀርም።

የኮኮናት ዘይት በ24 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ስለዚህ በአዲስ አበባ አብዛኛውን ጊዜ ረግቶ ይገኛል፤ በድሬዳዋ ግን ይፈሳል። የካካዎ ቅቤ ከ34 እስከ 38 ዲግሪ የሚቀልጥ ጠንካራ ስብ ነው። የንብ ሰም ከ62 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም፤ ስለዚህ ቅባትን ያጠነክራል፤ ከበዛ ግን ያጣብቃል። የጉሎ ዘይት እጅግ ወፍራም ስለ ሆነ፣ ቅባቱ እንዲቀልል ለሚፈልግ ሰው አይስማማም። የሱፍ አበባ ዘይት ግን ቀጭን ነው፤ በቶሎ ይሰራጫል፤ ገላንም አያከብድም።

የሚያስፈልገው ነገር

ለአንድ መካከለኛ ብልቃጥ የሚበቃው መጠን ይህ ነው። የሺአ ቅቤ 200 ግራም፤ የኮኮናት ዘይት 50 ግራም፤ የሱፍ አበባ ዘይት 50 ግራም፤ በወንፊት የተነፋ የበቆሎ ስታርች 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ሳይቈለል፤ ይኸው ነው።

የአሰናዳዱ ሥርዓት

አንደኛ፤ ሳህኑ፣ ማንኪያው፣ መምቻውና ብልቃጡ በሚገባ ታጥበው ፈጽሞ ይድረቁ። አንዲት ጠብታ ውሃ እንኳ በብልቃጡ ውስጥ እንዳትቀር።

ሁለተኛ፤ የሺአውን ቅቤ ቈራርጦ ከኮኮናቱ ዘይት ጋር በጎድጓዳ ሳህን አድርጎ፣ ሳህኑን ሙቅ ውሃ ባለበት ድስት ላይ ማስቀመጥ ነው። በቀጥታ በእሳት ላይ አይጣድም። ሁሉም እንደ ቀለጠ ከሙቀቱ ይውጣ፤ የሱፍ አበባውም ዘይት ይጨመርበት።

ሦስተኛ፤ ሳህኑን በፍሪጅ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ አኑሮ በቶሎ ማብረድ ይገባል። የሺአ ቅቤ ቀስ እያለ የበረደ እንደ ሆነ፣ እንደ አሸዋ ያለ ጥቃቅን ፍሬ ያወጣልና። ዳርና ዳሩ ነጥቶ፣ ጣት ሲነካው ምልክት የሚይዝ በሆነ ጊዜ ለመመታት ደርሷል ማለት ነው።

አራተኛ፤ በኤሌክትሪክ በሚሠራ መምቻ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መምታት ነው፤ ይህ የሌለው ቤት በእጅ የእንቁላል መምቻ ወይም በሹካ ቢመታው ይሆናል፤ ክንድ የሚያደክም ሥራ መሆኑን ግን አንሸሽግም። ቅባቱ እየነጣና እያበጠ ሄዶ የተመታ የእንቁላል ነጭ በመሰለ ጊዜ፣ ስታርቹን ጥቂት በጥቂት እየነሰነሱ እንደ ገና ጥቂት መምታት፤ ከዚያም በብልቃጥ መገልበጥ ነው።

የመምታቱ ጥቅም ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ አለ። በተመታ ጊዜ በስቡ ውስጥ አየር ይገባል፤ ስለዚህ ሰው በጣቱ የሚያነሣው ያው መጠን፣ በውስጡ ያለው ስብ ካልተመታው ያነሰ ነው። አየሩ ስቡን ወደ ሌላ ነገር አይለውጠውም፤ ቀጭን አድርጎ ለመቀባት ግን ይረዳል። ስታርቹ ደግሞ በገላ ላይ የሚቀረውን ወዝ በከፊል ይመጥጣል፤ ሙልጭልጭታውንም ያቀልለዋል። ነገር ግን ስታርች ከልክ አልፎ የበዛ እንደ ሆነ በጠይም ገላ ላይ ነጭ ጭረት ይተዋልና ከተነገረው መጠን አይለፍ።

በቈላ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን፣ ይህ ቅባት በሙቀት እንዳይቀልጥባቸው፣ የኮኮናቱን ዘይት ትተው በስፍራው 50 ግራም የካካዎ ቅቤ ቢጨምሩ ይሻላል። በመንገድ ወይም በፀሐይ የቀለጠ ቅባት አየሩ ይወጣበታል እንጂ ወዲያው ተበላሸ ማለት አይደለም፤ አብርዶ እንደ ገና መምታት ይበቃል።

ውሃን ስለ መጨመር

አንዳንድ ሰው ቅባቱ እንዲቀልል ብሎ ውሃ ወይም የጽጌረዳ ውሃ ይጨምራል። ነገሩ በመጀመሪያው ቀን የተሳካ ይመስላል። ነገር ግን ውሃ ባለበት ሻጋታና በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ይራባሉ፤ እነርሱን የሚከላከል መድኃኒት ያልተጨመረበት ቅባት ውሎ አድሮ ገላን ይጎዳል። በገበያ የሚሸጡት ውሃ ያለባቸው ቅባቶች የሚቈዩት እንዲህ ያለ መድኃኒት ስላለባቸው ነው። ስለዚህ በቤት የሚሰናዳው ውሃ አይንካው። በእርጥብ እጅም ከብልቃጡ መጨለፍ አይገባም፤ ደረቅ ማንኪያ ይቀመጥለት። በዚህ አኳኋን የተያዘ ቅባት በቀዝቃዛና በጨለማ ስፍራ ከ3 እስከ 6 ወር ይቈያል፤ ሽታው ወይም መልኩ የተለወጠ እንደ ሆነ ግን ቀኑ ሳይደርስም መጣል አለበት።

የአደስ ሽታ የሚወድ ሰው፣ ፈጽሞ የደረቀውን የአደስ ቅጠል አድቅቆ በሱፍ አበባው ዘይት ውስጥ ይጨምረው፤ በሙቅ ውሃ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ያቈየው፤ በንጹሕ ደረቅ ጨርቅም አጥልሎ በዘይቱ ይጠቀም። እርጥብ ቅጠል ግን ከላይ በተናገርነው ምክንያት አይገባበትም።

የአቀባቡ ሥርዓት

ከአሰናዳዱ ይልቅ አቀባቡ ይበልጣል። ገላ ከታጠቡ በኋላ በፎጣ አጥብቆ ሳይወለውሉ፣ ጠብታውን ብቻ አንሥቶ፣ ገላው ገና እርጥበት ሳለው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መቀባት ነው። ክዳኑ የሚከደነው ውሃው ሳይሄድ ነውና። ለሁለቱ እጅ የአንድ ባቄላ ፍሬ ያህል ይበቃል። በመዳፍ መካከል አሽቶ ካቀለጡት በኋላ በቀስታ ማዳረስ፤ ካነሰ መጨመር ይቻላል፤ ከበዛ ግን መመለስ አይቻልም። ከዚያም ልብስ ከመልበስና ወረቀት ከመንካት በፊት 10 ደቂቃ መቈየት ያስፈልጋል።

ልኩን ለማወቅ እኛ ቀላል ፈተና አግኝተናል። 10 ደቂቃው ካለፈ በኋላ ጣትን በስስ ወረቀት ላይ ጫን አድርጎ ወረቀቱን ወደ መስኮት ብርሃን ማንሣት ነው። የጣቱ መልክ ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኖ የታየ እንደ ሆነ ቅባቱ በዝቷል፤ በማግስቱ ይቀነስ።

ስለ ላም ቅቤ

ይህን ስንል የላም ቅቤ ይቅር ማለታችን አይደለም። ለጠጉር የሚወደው ሰው፣ ለጋውን ቅቤ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ይጠበው፤ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ። በዚህም የወተቱ ቅሪት ይቀንሳል። ከዚያም እስኪነጣ ይምታው፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን የሚበቃውን ብቻ ያሰናዳ እንጂ አያከማች። ሽታ የሚያመጣው መክረሙ ነውና።

ስለ ጥንቃቄ

ማንኛውም አዲስ ቅባት በገላ ሁሉ ከመቀባቱ በፊት፣ በክንድ ውስጠኛ ወገን ጥቂት ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ ይገባል፤ ቢያሳክክ ወይም ቢቀላ መተው ነው። ቍስል ባለበት፣ የቆዳ በሽታም በያዘው ሰው፣ እንዲሁም በተወለደ ሕፃን ገላ ላይ ሐኪም ሳይጠየቅ አይቀባ። ብጉር የሚወጣበት ሰው የኮኮናት ዘይት ያለበትን ቅባት ፊቱን ባይቀባ ይሻላል። ለሽታ ብሎ ከሎሚ ልጣጭ የወጣ ዘይት መጨመርም አይመከርም፤ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው ቆዳን ሊያቃጥል ይችላልና። በእግር መዳፍ የተቀባ ሰው ደግሞ እንዳያዳልጠው ካልሲ ያድርግ።

ስለ ቤታችን ነገር ጀምረን ነበርና ፍጻሜውን ሳንናገር መተው አይገባንም። በመጀመሪያው ቀን ያሰናዳነው ቅባት አልተሳካልንም። ቸኵለን ገና ሙቀቱ ሳይወጣለት መምታት ስለ ጀመርን፣ ግማሽ ሰዓት ብንደክምም እንደ ፈሰሰ ቀረ። አማታችን ከጓዳው በር ቆመው ሲመለከቱ ቈይተው «ይህ ገና አልበረደም፤ ወተትስ ቢሆን በትኩሱ ይናጣል እንዴ?» አሉና ሳህኑን ከእጃችን ወሰዱ። በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አኖሩት፤ በጣታቸው እየነኩ ጠበቁት፤ ጊዜው መድረሱን ባወቁ ጊዜ መምታት ጀመሩ። እኛ ስለ ዲግሪ ያነበብነውን፣ እርሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ በጣታቸው ያውቁት ነበር። ቅባቱም በእጃቸው ነጣ።

በማግስቱ ልጂቱ ገላዋን ታጥባ ስትወጣ፣ አያቷ የባቄላ ፍሬ ያህል አንሥተው «ነይ፣ የኔ እናት» አሏት። ቀረበች፤ ሲቀቧትም የተለመደውን ምርቃት በለሆሳስ ሲናገሩ ሰማን። ጥቂት ቈይታ ጣቷን በደብተርዋ ወረቀት ላይ ጫነችና ወደ መስኮቱ አነሣችው። ከአንዲት ትንሽ ነጥብ በቀር ምንም አልታየም። ወረቀቱንም ለአያቷ አሳየቻቸው፤ እርሳቸውም ተመልክተው «ነገ ከዚህም እንቀንሳለን» አሉ።

እኛም ዛሬ እጃችንን ሳንሸሽግ መዝገብ እንይዛለን። በየቤቱ እንዲህ ያለ ክርክር ያለባችሁ አንባቢዎቻችን፣ ሽማግሌዎቹን ከምድጃው ሳታርቁ፣ ልጆቹንም ሳትነቅፉ፣ ይህን ሥራ አብራችሁ እንድትሞክሩት እንመክራለን። ቅባቱ ቢቀጥን ፍቅሩ አይቀጥንምና።